ቅርጫት ተሸክመን ነፋስ ፍለጋ

ሐሙስ ጠዋት፣ ቃሊቲ

ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ የትምህርት ቤታችን የግማሽ ዓመት እረፍት በገባ ማግስት፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቃሊቲ መናኸሪያ ደረስን። "ደረስን" ስል እኔ፣ እትዬ አስናቀችና ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚሆን አንድ የብረት ቅርጫት ማለቴ ነው። ሰው አዳማ ለስብሰባ ይሄዳል፣ ለሰርግ ይሄዳል፣ በዚያው ሶደሬ ወርዶ ሊዋኝ ይሄዳል። እኛ የሄድነው ሊነፍስብን ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ሙሉጌታ እባላለሁ፤ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከውጭ ሲመጣ አንድ ቦርሳ ሙሉ የላስቲክ ዲስክ ይዞ መጥቶ ዲስክ ጎልፍ የሚባል ጨዋታ አስተማረን። እሱ ተመልሶ ሄደ፤ ዲስኮቹ እኛ ጋ ቀሩ። ጨዋታው ቀላል ነው። ዲስኩን ከሩቅ ትወረውራለህ፤ ከወደቀበት ቦታ ቆመህ እንደገና ትወረውራለህ፤ እንዲህ እያልክ ቅርጫቱ ውስጥ እስክታስገባው ድረስ ትሄዳለህ። በጥቂት ውርወራ ያስገባ አሸናፊ ነው። ከቅርጫቱ በላይ ሰንሰለቶች ተንጠልጥለዋል፤ ዲስኩ እነሱን መትቶ ኃይሉ ሲበርድ ቁልቁል ቅርጫቱ ውስጥ ይወድቃል። ጣጣው ያለው የመጨረሻዋ ውርወራ ላይ ነው፤ አምስት፣ ስድስት፣ ቢበዛ አሥር እርምጃ ርቀህ የምትወረውራት። ነፋስ ከሌለ ማንም ያስገባታል።

ነፋስ ካለ እኔ አላስገባም። ባለፈው ኅዳር የባቱ ተጫዋቾች አዲስ አበባ መጥተው ሲገጥሙን የመጨረሻዋ ውርወራ ለእኔ ደረሰችኝ። ርቀቱ አራት እርምጃ ነበር። ወረወርኩ፤ ነፋስ ተነሣ። ዲስኩ ሆዱን አሳይቶ ወደ ላይ ወጣ፣ ቅርጫቱን አለፈ፣ አጥሩንም አለፈ፣ ጎረቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ዐረፈ። ለዐሥራ አምስት ዓመት ክፍል ውስጥ ስለ ነፋስ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ጓደኞቼ ባገኙኝ ቁጥር "ቲቸር፣ ዛሬ ነፋሱ ከየት ነው?" ይሉኛል። ለማወቅ ብለው አይደለም።

እትዬ አስናቀች የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ በጨዋታው ደግሞ አጋሬ። ባንክ ቤት ሠላሳ ዓመት መስኮት ላይ ሠርተው ጡረታ ሲወጡ ሐኪም በእግር መሄድ አዘዘላቸው። "ያለ ጉዳይ መንገድ ለመንገድ የሚዞር እብድ ነው። ጉዳይ ስጡኝ" ብለው ሜዳችን መጡ። ሩቅ አይወረውሩም። ከቅርብ ግን አይስቱም። ቅርጫቱን የበየዱት ሟቹ ባለቤታቸው ጋሽ ወርቁ ናቸው። ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው፤ ከእጃቸው የወጣ የመጨረሻ ሥራ ይኸው ቅርጫት ነበር።

አሁን እትዬ አስናቀች ያልሰሙትን ለእናንተ ልንገራችሁ። የባቱዎቹ መሪ ቦንሳ የመልሱን ግጥሚያ ቀን ሊቆርጥ ሲደውልልኝ፣ "ቲቸር፣ ምን እናሲዝ?" አለኝ። እልህ ይዞኝ ነበር። "ካሸነፋችሁን የብረት ቅርጫቱ የእናንተ ነው" አልኩት። እኩል ብንወጣ እኛው ጋ እንዲቆይ፣ እኛ ካሸነፍን ደግሞ ባቱ በሄድን ቁጥር አሳ እንዲጋብዙን ተስማማን። የማን ቅርጫት እንደሆነ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ግጥሚያው ቅዳሜ ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ በነፋስ መወርወር መማር አለብኝ፤ አለበለዚያ የሟች ሥራ ባቱ ይቀራል።

የሚኒባሱ ረዳት ቅርጫቱን ዙሪያውን ዞረው።

"እናቴ፣ ይሄ የዶሮ ቤት ነው?"

"ዶሮ በሰንሰለት ይታሰራል እንዴ?" አሉት እትዬ አስናቀች።

"ጣሪያ ላይ ከወጣ በፈጣን መንገዱ ነፋስ ይወስደዋል። ወንበር ይያዝና ይክፈል።"

ስለዚህ ቅርጫቱ እንደ ሰው ከፍሎ በመካከላችን ተቀመጠ። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ሰንሰለቱ ይንሿሿል። ከኋላችን የተቀመጡ ሴትዮ ዱከም እስክንደርስ ታግሠው፣ "ለቤተ ክርስቲያን ነው?" ሲሉ ጠየቁ። አይደለም አልን። ሞጆ አካባቢ አንድ ትራፊክ ፖሊስ አንገቱን በመስኮት አስገብቶ ተሳፋሪ ቆጠረና ዓይኑ ቅርጫቱ ላይ ቆመ።

"ይሄስ?"

"ሂሳቡን የከፈለ ሰው ነው" አሉ እትዬ አስናቀች። ፖሊሱ ትንሽ አሰበና አሳለፈን።

ሐሙስ ከሰዓት፣ አዳማ

አዳማ ስንገባ ኮረብቶቹ ላይ ነጫጭ የነፋስ ማመንጫዎች እጃቸውን እያዞሩ ተቀበሉን። ልቤ ደስ አለው፤ ለካ ነፋስ ከሩቅ የሚታይበት ከተማ አለ። ዕቃችንን አንድ ትንሽ ፔንሲዮን አስቀምጠን፣ ሽሮ በልተን ባጃጅ ጠራን። ባለ ባጃጁ ከድር ይባላል፤ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ወሬ የሚወድ።

"ወዴት ነው?"

"ነፋስ በጣም ያለበት ሜዳ" አልኩት።

መስተዋቱን አስተካክሎ አየኝ። "ነፋስ ፈልጋችሁ መጣችሁ? ከአዲስ አበባ? በገንዘባችሁ?"

ከኮረብቶቹ ሥር አጨዳ ያለቀበት ማሳ ላይ አደረሰን። ቅርጫቱን ተከልን። እትዬ አስናቀች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ያልታሰረ ነገር እዚያ አይቆይምና። የእኔ ባርኔጣ ከባጃጁ ስወርድ ሄዷል። ከድር በዓይኑ ተከተለው። "እዚህ አገር ባርኔጣ የሚያደርግ እንግዳ ብቻ ነው" አለ።

በመጀመሪያ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዤ ከስድስት እርምጃ ወረወርኩ። ዲስኩ እንደ አውሮፕላን ተነሥቶ ከቅርጫቱ በላይ ሄደ። ዞሬ ነፋሱን ከጀርባዬ አደረግሁ፤ ዲስኩ አንድ ሰው ከላይ በመዳፍ የመታው ይመስል ቅርጫቱ ሳይደርስ መሬት ላይ ተለጠፈ። ነፋሱን ከጎን አደረግሁት፤ ዲስኩ በሁለት ክንድ ስቶ አለፈና፣ በጠርዙ ቆሞ፣ መንኮራኩር ሆኖ ማሳውን እየቆረጠ ወደ ወለንጪቲ አቅጣጫ መንከባለል ጀመረ። ከድር ባጃጁን አስነሥቶ ተከተለው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ይዞት ሲመለስ፣ "ማሳደዱ ለብቻው ኮንትራት ነው" አለኝ።

ከሃያ ውርወራ ሁለት ብቻ አስገባሁ። አንዷን ደግሞ እውነቱን ለመናገር ያነጣጠርኩት ሌላ ቦታ ነበር፤ ነፋሱ መልሶ አስገባልኝ። እትዬ አስናቀች ከሦስት እርምጃ ቆመው አሥር ወረወሩ፣ ስምንት አስገቡ። ራቅ ይበሉ ስላቸው አሻፈረኝ አሉ።

"ለምን እርቃለሁ? ቀርቦ ማስገባት እያለ?"

"ጨዋታው ላይ ሁልጊዜ ቀርበን አንወድቅማ እትዬ።"

"አንተ ቀርበህ እንድትወድቅ አድርገህ ወርውር። እኔ አስገባለሁ።"

ይሄን ያሉኝ ሐሙስ ነው። የሰማሁት ቅዳሜ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከንፈሬ ተሰነጣጥቋል፤ ጥርሴ ውስጥ አሸዋ አለ። ከድር ባጃጁ ላይ ተደግፎ ሲያየኝ ቆይቶ አዘነልኝ መሰለኝ።

"ቲቸር፣ አትቀየመኝ። አንተ ከነፋስ ጋር እየተጣላህ ነው። አማቼ ሁሩታ አርሶ አደር ናቸው፤ አሁን አውድማ ላይ ስንዴ እያነፈሱ ነው። አርባ ዓመት በነፋስ የሠሩ ሰው። ነፋስ መማር ከፈለግህ ከሚያነፍስ ሰው ተማር።"

እትዬ አስናቀች ከእኔ ቀድመው፣ "ነገ በስንት ሰዓት ትመጣልናለህ?" አሉት።

ዓርብ፣ ሁሩታ

ከድር በጠዋት መጥቶ ሚኒባስ ላይ አብሮን ተሳፈረ። ባጃጁን ለወንድሙ ሰጥቶ ነው፤ "አማቼን ካየሁ ቆየሁ፤ ምክንያት ሆናችሁኝ" አለን። አዋሽን ተሻግረን፣ ዴራን አልፈን፣ መሬቱ ከፍ እያለ ሲሄድ አየሩ ቀዘቀዘ። በግራም በቀኝም የታጨደ ማሳ፣ የገለባ ክምር፣ በየክምሩ ጥግ ቢጫ አቧራ። ቅርጫቱ ዛሬም ከፍሏል። የዛሬው ረዳት "የሳተላይት ዲሽ" ብሎ ወስኖ ስለነበር ምንም አልጠየቀንም።

ኦቦ ሁሴን አውድማው ላይ ቆመው ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ወደ ሰባ የሚጠጉ ሰው። ላይዳቸውን፣ ማለትም እህል የሚያነሡበትን ሰፊ የእንጨት አካፋ፣ እንደ ምርኩዝ ይዘዋል።

"አካም ጅርቱ?" አሉን።

"ፈያ" አሉ እትዬ አስናቀች ፈጥነው። ባንክ ቤት ሳሉ ሁለት ዓመት አሰላ ሠርተዋል፤ እኔ አላውቅም ነበር።

ከድር የመጣንበትን ጉዳይ በኦሮምኛ አስረዳቸው። ረጅም ጊዜ አስረዳቸው። ኦቦ ሁሴን ቅርጫቱን አዩ፣ ዲስኩን ተቀብለው ገለበጡት፣ እኔን አዩኝ፣ ወደ ከድር ዞሩ።

"ይሄ ትልቅ ሰው፣ ሥራው አስተማሪ፣ ይሄን እዚያ ለማስገባት መጣ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"ማሻአላህ" አሉ፣ ሳቃቸውን እንደ ምንም ውጠው። "እንግዲያው ቶሎ ነው። ጁምዓ ሳይደርስ ይሄን ክምር መጨረስ አለብኝ።"

ቅርጫቱን ከአውድማው ራቅ አድርገን ተከልን። መጀመሪያ ተቀመጥና እየኝ አሉኝ። ተቀምጬ አየሁ። እኔ የጠበቅሁት ነፋስ ሲበረታ ይሠራሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ነፋሱ ሲያገሳ ላይዳቸውን መሬት ላይ አሳርፈው ይቆማሉ። ጋብ ሲል አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ያነሣሉ፤ ገለባው እየተንሳፈፈ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ስንዴው እግራቸው ሥር ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ነፋሱ ሲመለስ ደግሞ ይቆማሉ።

"ሲበረታ ለምን አይሠሩም?" አልኳቸው።

"ሲበረታ ስንዴውንም ይወስደዋል። ያን ጊዜ ያነፈስኩት እኔ ሳልሆን እሱ ነው።" ላይዳቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። "ነፋስ እንደ ሰው ነው፤ ይሮጣል፣ ይደክመዋል፣ ይተነፍሳል። አንተ ሲተነፍስ ጠብቀው። ሱታ፣ ሱታ። ቀስ በል።"

"እሱስ እሺ። ግን ዲስኩ ወደ ላይ ይነሣብኛል።"

"እስቲ ወርውር።"

ወረወርኩ። ተነሣ። ጎረቤት አውድማ ላይ ክምር ውስጥ ገባ። የጎረቤት አውድማ ባለቤት በኦሮምኛ የሆነ ነገር ተናገሩ፤ ከድር ሳይተረጉምልኝ ሮጠ።

ኦቦ ሁሴን አገጬን በጣታቸው ነክተው እንድቀና፣ እግሬን በላይዳቸው መታ መታ አድርገው እንድከፍት አደረጉኝ። "በሬ እንኳ ሲጎትት እግሩን ይከፍታል። አንተ እንደ ሰንበሌጥ ቆመሃል።" ከዚያ ዲስኩን እጄ ላይ አስተካከሉ፤ የፊት ጠርዙን ዝቅ አደረጉት። "ሆዱን ለነፋስ አታሳየው። ሆዱን ያየ ነፋስ ያነሣዋል። ጠርዙን ብቻ አሳየው። ከፍ ብሎ የሄደ የነፋስ ነው፤ ዝቅ ብሎ የሄደ ያንተ ነው።"

ቆምኩ። ነፋሱ መጣ፤ አሳለፍኩት። ሌላ መጣ፤ አሳለፍኩት። ገለባው በአየር ላይ ቀስ ሲል አየሁ። ዝቅ አድርጌ፣ እጄን ጠበቅ አድርጌ አሽከርክሬ ለቀቅሁት። ዲስኩ ከጉልበት ከፍታ ብዙ ሳይርቅ ሄደ፣ ትንሽ ተነሣ፣ ሰንሰለቱን መታ። ሰንሰለቱ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። አውድማው ዳር የቆሙት በሬዎች ቀና ብለው አዩኝ።

ከዚያ በኋላ ከአሥር አምስት፣ ቀጥሎም ስድስት አስገባሁ። ኦቦ ሁሴን "እስቲ አምጣው" ብለው ራሳቸው ከሰባት እርምጃ ሞከሩ። ነፋሱን ጠበቁ። ከወገባቸው ጎንበስ ብለው፣ ላይዳ እንደሚያነሡ አድርገው ወረወሩት። ገባ። ሁለተኛውንም አስገቡ። ሦስተኛ እንዲጨምሩ ከድር ሲለምናቸው፣ "ስንዴ አለኝ" አሉ።

እቤታቸው ወስደው ጭኮ አበሉን፤ የገብስ ዱቄትና ቅቤ፣ አርሲ ካልሆነ የትም እንዲህ አይጥምም። እንግዲህ ምን ልክፈል እያልኩ ሳቅማማ፣ ኦቦ ሁሴን አንዱን ቢጫ ዲስክ ገልብጠው ስንዴ እየሰፈሩበት አየኋቸው።

"ይሄ ደህና ዕቃ ነው" አሉ።

"የእርስዎ ይሁን አባባ።"

ወደ መስጊድ ሲሄዱ ሸኘናቸው። እኛም ሚኒባስ ስንጠብቅ እትዬ አስናቀች ቅርጫቱን በነጠላቸው ጫፍ ከእብቁ ጠረጉት፤ አንዱን የብየዳ ጠባሳ በጣታቸው ዳበስ አደረጉት። ያኔ ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። መኪናው መጣ።

ቅዳሜ፣ ባቱ

አዳማ አድረን፣ ከድርን ተሰናብተን፣ በሞጆ ዞረን በመቂ በኩል ወረድን። መቂ ላይ ቲማቲም በሳጥን ተደርድሮ መንገዱን ቀይ አድርጎታል። ባቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን፤ ሐይቁ ዳር ካሉት አሳ ቤቶች ባንዱ የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ አዘዝን። ውጪ አባ ኮዳ የሚባሉት ትላልቅ ወፎች መላጣ ራሳቸውን አቀርቅረው፣ ጡረታ እንደወጡ ዳኞች ተሰልፈው የአሳ አጥንት ይጠብቃሉ። ግጥሚያው ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሳው ቀረበ፤ አልወርድ አለኝ።

"ምን ሆነሃል?" አሉኝ እትዬ አስናቀች። "ከሐሙስ ጀምሮ አንድ ነገር ታኝካለህ።"

ነገርኳቸው። የስልኩን ወሬ፣ እልሄን፣ ውርርዱን፣ ሳልጠይቃቸው መቅረቴን። ዓይኔን ከሳህኑ አላነሣሁም።

እትዬ አስናቀች አሳቸውን አላቋረጡም። አንዱን ጎን ጨረሱ፣ ገለበጡ፣ አጥንቱን በሥርዓት ሳህኑ ጠርዝ ላይ ደረደሩ። ከዚያ እጃቸውን በሎሚ አሹ።

"ወርቁ ያንን ቅርጫት ሲበይድ ስንት ጊዜ እንደተሳደበ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ሦስት ቀን ሙሉ። 'ይሄ ምን የሚሉት ዕቃ ነው? ውኃ አይዝ፣ ልብስ አይዝ!' ይል ነበር። ደግሞ አጣሞታል፤ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሰው ሲመጣ ግን ግቢ ወስዶ ያሳያል።" ትንሽ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው ግን ወዲያው ሄደ። "ቅርጫቱ ባቱ ቢቀር አልሞትም። እኔን ግን ሳትጠይቅ በእኔ ነገር ቃል ገባህ። ሠላሳ ዓመት የሰው አደራ የያዝኩ ሰው ነኝ ሙሌ። ይሄ አይደረግም።"

"ይቅርታ እትዬ። ቦንሳን ልጥራውና ውርርዱን ላፍርሰው።"

"ቃል ሰጥተህ የለ? አይፈርስም።" ተነሡ። "ባጃጅ ግን የለም። ቅርጫቱን እስከ ሜዳው በትከሻህ ትሸከማለህ። እኔ በባጃጅ እሄዳለሁ።"

ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ የባቱን ዋና መንገድ ቅርጫት ተሸክሜ አቋረጥኩ። በእያንዳንዱ እርምጃ ሰንሰለቱ ጆሮዬ ሥር ይንሿሿል። አንድ ባለ ሱቅ "ስንት ነው የምትሸጠው?" አለኝ። አንዲት አሮጊት ለፈውስ የተሸከምኩት መስቀል ነገር መስሏቸው፣ "እግዜር ይቀበልህ ልጄ" ብለው ባረኩኝ። አሜን አልኩ። ያስፈልገኝ ነበር።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሐይቁ ዳር

ቦንሳ አበባ እርሻ የሚሠራ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ የሚጋባ ወጣት ነው። አጋሩ ራሔል ነርስ ናት፤ ብዙ አትናገርም፣ ብዙም አትስትም። ደንቡ ተራ በተራ ነው፤ እኔ ከወረወርኩ ከወደቀበት እትዬ አስናቀች ይወረውራሉ፣ ቀጥሎ እኔ። ቅርጫቶቹ ስድስት ናቸው፤ አምስቱ የተቆረጠ በርሜል፣ የመጨረሻው የእኛ ብረት፣ እሱም ከሐይቁ አፋፍ ሁለት ክንድ ብቻ ርቆ ተተክሏል። ቦታውን የመረጠው ቦንሳ ነው። "እይታው ደስ ይላል" አለ።

ከሰዓት የሐይቁ ነፋስ ከጎን ይመጣል። የመጀመሪያው በርሜል ላይ ፈርቼ ሳትኩ፤ ሁለተኛው ላይ ፈርቼ አስገባሁ። ሦስተኛው ላይ እግሬን እንደ በሬ ከፍቼ ስቆም ከተመልካች አንዱ "ቲቸር ሊያርስ ነው!" ብሎ ጮኸ። ነፋሱ ሲያልፍ ጠበቅሁ፤ ዝቅ አድርጌ ላክሁት፤ ገባ። የጮኸው ሰውዬ አጨበጨበ። ራሔል አራተኛው ላይ ቀደመችን፤ አምስተኛው ላይ የቦንሳን ዲስክ ነፋስ ገልብጦ መለሰለትና እኩል ሆንን። ዕድሜዬን ሙሉ በሌላ ሰው ዲስክ ላይ ነፋስ ሲጨክን አይቼ አላውቅም ነበር። ደስ ይላል።

መጨረሻው ላይ ቦንሳና ራሔል በአምስት ውርወራ ጨረሱ። እኛ ሦስት ወርውረናል። አራተኛዋ የእኔ ናት፤ ርቀቱ ስምንት እርምጃ፣ ነፋሱ አሁን ዞሮ ከሐይቁ ፊት ለፊቴ ይመጣል፣ ከቅርጫቱ ጀርባ አፋፉ፣ ከአፋፉ ሥር ውኃው። ካስገባሁ አሸነፍን። አጠገቡ ካስቀመጥኩና እትዬ አስናቀች በአምስተኛዋ ካስገቡ እኩል ነው፤ ቅርጫቱ ቤቱ ይገባል። ስቼ ውኃ ውስጥ ከከተትኩ ቅርጫቱ ባቱ ይቀራል። ተመልካቹ አርባ ሰው ያህል ሆኗል፤ አባ ኮዳዎቹም ቀርበዋል።

"ቲቸር፣ ጀግና ሁን!" ይላል ሕዝቡ።

እንዳልዋሽ፣ ለማስገባት መወርወር ፈልጌ ነበር። አንጀቴ ፈልጎ ነበር። የኅዳሩን የጣሪያ ሐፍረት ከራሴ ላይ የማወርድበት ሌላ ቀን አልታየኝም። ነፋሱ እስኪተነፍስ ጠበቅሁ። አልተነፈሰም። ለአንድ ውርወራ የሚፈቀደው ግማሽ ደቂቃ ስለሆነ ቦንሳ በጣቱ መቁጠር ጀመረ። ዞር ብዬ እትዬ አስናቀችን አየሁ። ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩ፣ ለሥራ እንደተዘጋጀ ሰው።

ጎንበስ አልኩና ዲስኩን እንደ አነባበሮ ሳህን ቀስ አድርጌ መሬት ለመሬት ላክሁት። ተንሸራተተ፣ ተንሸራተተ፣ ከቅርጫቱ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቆመ።

ሕዝቡ "ኧረ!" አለ። አንዱ ያፏጨብኝን ፉጨት አሁንም እሰማዋለሁ። "ቲቸር ፈራ!" አሉ። ፈርቻለሁ፤ ምን ልበል።

እትዬ አስናቀች ወደ ዲስኩ ሲሄዱ ቦርሳቸውን ለእኔ ሰጡኝ። እንደቆሙ ነፋሱ መጣ፤ ሰንሰለቱ ወደ እሳቸው ጋደም አለ፣ የነጠላቸው ጫፍ እንደ ባንዲራ ተዘረጋ። አልወረወሩም። ባንክ ቤት ወረፋ ሲበዛ እንዲህ ነበሩ ይላሉ የሚያውቋቸው፤ የሚጮህ ሰው እስኪጨርስ ጠብቀው "ቀጥሎ" የሚሉ። ቦንሳ መቁጠር ጀመረ። አሥር። ሃያ። ሃያ አምስት ላይ ነጠላው ቀስ ብሎ ወረደ። እጃቸው ብዙም ሳይንቀሳቀስ ዲስኩ ሄደ፣ ሰንሰለቱን መታ፣ ወደ ግራ ያዘነበለው ቅርጫት ጠርዝ ላይ ወጥቶ ለጥቂት ጊዜ አመነታ፣ ወደ ውስጥ ወደቀ።

እኩል።

ቦንሳ ሳቀና መጥቶ አቀፋቸው፤ "እናቴ፣ እርስዎን ባቱ ላስቀርዎት" አላቸው። ራሔል ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች፤ "ቅርጫቱን አይደለም፣ ሴትዮዋን ነበር ማስያዝ" አለች። እራት እነሱ ጋበዙን። አሸንፈን ቢሆን ኖሮ አሳ ነበር የሚያበሉን፤ እኩል ስለሆንን ሽሮ በላን። ፍርዱ ትክክል ነው።

እሑድ፣ ወደ ቤት

በሚቀጥለው ቀን ከቦንሳ ጋር ስንሰናበት እትዬ አስናቀች አንድ ብረት በያጅ ባቱ ውስጥ ይኖር እንደሆነ ጠየቁት። እንዳለ ነገራቸው። የቅርጫቱን ልክ ወረቀት ላይ ጽፈው ሰጡት፤ ስፋቱን፣ ቁመቱን፣ የሰንሰለቱን ብዛት። "ይሄን አሠሩ። ግን ቀጥ አድርጉት፤ የእኛ የሚያዘነብለው በሠሪው ጠባይ ነው" አሉት።

በመንገድ ላይ ጉዞው ምን እንዳስተማረኝ ሳስብ ነበር። ነፋስ ከፊት ሲመጣ ዝቅ፣ ከኋላ ሲመጣ ከፍ፣ ከጎን ሲመጣ ጠርዝህን እንጂ ሆድህን አታሳየው፤ ይሄን ተምሬያለሁ። ከስምንት እርምጃ የማስገባ ሰው ግን አልሆንኩም። ከስምንት እርምጃ እንደማላስገባ አውቄ አጠገቡ የማስቀምጥ ሰው ሆኜ ተመለስኩ። ሁሉም ሰው እንዲህ ያለ ነገር ለመማር ሦስት ከተማ መዞር ላያስፈልገው ይችላል። እኔን አስፈልጎኛል።

አዲስ አበባ ከሰዓት ደረስን። ቅርጫቱን ግቢያቸው አስገብቼ ልሰናበት ስል እትዬ አስናቀች በሩ ላይ አቆሙኝ።

"ሙሌ፣ አንድ ነገር አለ። ትናንት ሦስተኛው በርሜል ላይ ነፋሱ ሲተነፍስ አይተህ 'እትዬ አስናቀች፣ እባክዎን አሁን ይወርውሩ' አልከኝ። እስክትጨርስ ነፋሱ ተመለሰ።"

"አዎ፣ አስታውሳለሁ።"

"ከዛሬ ጀምሮ ሜዳ ላይ አንቺ በለኝ። 'አስኒ፣ ወርውሪ!' በቃ። ቤት ስንመለስ እርስዎ ትለኛለህ።"

ሃያ ዓመት ሙሉ እርስዎ ያልኳቸውን ሴት አየኋቸው። አንዴ ሞከርኩ፣ አልወጣም። ሁለተኛ ሞከርኩ።

"እሺ… አስኒ" አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ "እንዳሉት።"

ሳቃቸው እስከ መንገዱ ድረስ ተከተለኝ።